ሁለት ስልኮች በቀጥታ ሲነጋገሩ፦ አንዱን ሞገድ ከማማው ጋር እንዴት ይጋራሉ?

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ጎንደር ውስጥ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ መልእክቱ ግን አይሄድም። ፎቶው ሲሽከረከር ይቆያል፣ ጥሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ይቋረጣል። ሰው "ኔትወርክ የለም" ይላል። ኔትወርኩስ አለ፤ የጠፋው ቦታ ነው። ምልክቱ የሚያሳየን የኔትወርክ ማማው ሞገድ ምን ያህል በርትቶ እንደሚደርሰን ብቻ ነው። በዚያው ሞገድ ላይ ስንት ሺህ ሰው ተራ እየጠበቀ እንደሆነ አያሳይም።

አንድ የ4ጂ ማማ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ስፔክትረም (ለግንኙነት የተመደበ የሞገድ ክልል) ቢኖረው፣ ያንን ስፋት 100 ቦታ ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ቁራሽ 180 ኪሎኸርዝ ነው፤ የቀረው ጥቂት ስፋት ከጎረቤት ሞገድ ጋር እንዳይጋጭ ዳርና ዳር ላይ ባዶ ይተዋል። ከዚያም በየአንድ ሺኛው ሰከንድ የትኛው ቁራሽ ለየትኛው ስልክ እንደሚሰጥ ይወስናል። በአዘቦት ቀን ይህ ድልድል ለፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ይበቃ ይሆናል። በከተራ ግን ከየአቅጣጫው የመጣ ምእመንና እንግዳ በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ ማማው የቱንም ያህል ቢፈጥን 100ው ቁራሽ 101 አይሆንም።

አሁን ደግሞ የአንድ ፎቶ መንገድ እንከተል። አንዲት እህት በመዋኛው አጥር አጠገብ፣ ሥሮቻቸው ግንቡን አቅፈው ከያዙት ትልልቅ ዛፎች ሥር ቆማለች። ወንድሟ ከእሷ 20 ሜትር ርቆ በሕዝቡ መሀል አለ። በቴሌግራም ፎቶ ላከችለት። ፎቶው መጀመሪያ ወደ ማማው ይወጣል፣ በኦፕሬተሩ መስመር አልፎ ከአገር ውጭ ወዳለ የመረጃ ማዕከል ይሄዳል፣ በመጨረሻም ተመልሶ ከማማው ወደ ወንድሟ ስልክ ይወርዳል። እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ሰዎች የአየሩን ሞገድ ሁለት ጊዜ ተጠቀሙ፤ አንድ ጊዜ ለመላክ፣ አንድ ጊዜ ለመቀበል። ያውም ሞገዱ እንደ ወርቅ በተወደደበት ሰዓት!

ስልኮቹ ማማውን ሳያስቸግሩ በቀጥታ ቢነጋገሩስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። የኖኪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጎን ለጎን ያሉ ስልኮች የማማውን ሞገድ እየተጋሩ በቀጥታ ሊገናኙ እንደሚችሉ አሳዩ። የዓለም የሞባይል ደረጃ አውጪዎች ስብስብ የሆነው ስሪጂፒፒም እ.ኤ.አ. በ2015 በተጠናቀቀው 12ኛው እትሙ ነገሩን በደረጃ ውስጥ አስገባው።

"ይሄማ ዜንደር አይደል?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፒያሳ ላይ ፊልምና መዝሙር ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፍ ወጣት ሁሉ ቀጥታ ግንኙነትን በየቀኑ ይጠቀማል። ነገር ግን ዜንደር የሚሠራው በዋይፋይ ሞገድ ነው። ያ ሞገድ ለማንም በፈቃድ ያልተሰጠ፣ ማንም የሚገባበት ነው። ዋናው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሲሆን፣ ብሉቱዝም፣ የካፌው ዋይፋይም፣ የጎረቤት ራውተርም እዚያው ናቸው። ማንም ለማንም ቦታ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ዋስትና የለም። እዚህ የምናወራው ሌላ ነው፦ ፈቃድ ባለው፣ ኦፕሬተሩ ገንዘብ በከፈለበት ሞገድ ውስጥ፣ ማማው እያወቀና እየተቆጣጠረ ስልኮች በቀጥታ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። ፈቃድ ያለው ሞገድ ውስጥ ከገባን ደግሞ፣ በዚያ ሞገድ በማማው በኩል የሚደውለው ደንበኛ መብት አለው።

ቆርሶ መስጠት ወይስ አብሮ መጠቀም

የመጀመሪያው አማራጭ ቆርሶ መስጠት ነው። ከ100ው ቁራሽ 10ሩን ለቀጥታ ግንኙነት እንለይ፣ 90ው ለማማው ይቅር። ማንም ማንንም አይረብሽም። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፦ በቀጥታ የሚነጋገር በሌለበት ሰዓት 10ሩ ቁራሽ ጦሙን ያድራል፣ ሰው በበዛበት ሰዓት ደግሞ አይበቃም።

ሁለተኛው አብሮ መጠቀም ነው። ማማው ለአንድ ደንበኛ የሰጠውን ያንኑ ቁራሽ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ሁለት ጎረቤት ስልኮችም ይጠቀሙበታል። በአንደኛ እይታ ሊሆን የሚችል አይመስልም፤ ሁለት ድምፅ በአንድ ሞገድ ላይ ሲገናኝ ይደባለቃል። ይሁንና በሰርግ ዳስ ውስጥ ማይክ የያዘው አስተናባሪ እየተናገረ ሳለ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት እንግዶች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። አየሩ አንድ ነው፤ የአስተናባሪው ንግግር አይበላሽም፣ እነሱም ይግባባሉ። የሚያስችላቸው ቅርበታቸውና የድምፃቸው ዝቅታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጮህ ወይም ድምፅ ማጉያው ከጆሯቸው አጠገብ ቢሆን ነገሩ ይፈርሳል።

ይህን ወደ ቁጥር እናምጣው፤ የጉዳዩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የሬዲዮ ሞገድ እየራቀ ሲሄድ የሚደክመው በቀላሉ አይደለም። ምንም በማይጋርደው ክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቤት፣ ዛፍና ሰው በሞላበት ከተማ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያም ይብሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 16 ጊዜ እስከማነስ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሁለተኛው ስሌት እንሂድ።

የአንድ የ4ጂ ስልክ የመጨረሻ የመላኪያ ኃይል 200 ሚሊዋት አካባቢ ነው። ከማማው 800 ሜትር ርቃ የቆመችው እህት ወደ ማማው ለመላክ ይህን ሁሉ ኃይል ልትፈልግ ትችላለች። ወንድሟ ግን ያለው 20 ሜትር ላይ ነው፤ ከማማው 40 ጊዜ ይቀርባል። 40ን በራሱ አራት ጊዜ ስናባዛው ከ2.5 ሚሊዮን ይበልጣል። እንዲያው ለጥንቃቄ 1 ሚሊዋት እንፍቀድላት። ለወንድሟ ከበቂ በላይ ነው።

በዚያው ቁራሽ ላይ ደግሞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከመዋኛው 600 ሜትር ርቆ፣ አንድ ደንበኛ በ200 ሚሊዋት ከማማው ጋር እየተነጋገረ ነው እንበል። እሱም ከማማው 800 ሜትር ይርቃል። ማማው ላይ የደንበኛው ሞገድ ከእህትዬው ሞገድ 200 ጊዜ በርትቶ ይደርሳል፤ እሷ አትረብሸውም ማለት ይቻላል። ወንድሟ ጋስ? ደንበኛው 200 ጊዜ የበለጠ ኃይል ቢኖረውም 30 ጊዜ የበለጠ ይርቃል። 30 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ 810,000 ነው፤ ለ200 ሲካፈል የእህቱ ሞገድ ከደንበኛው ሞገድ 4,050 ጊዜ በርትቶ ወንድሟ ስልክ ይደርሳል። ሁለቱም ግንኙነቶች በአንድ ቁራሽ ላይ በሰላም ኖሩ።

አሁን ያንኑ ደንበኛ ከወንድምዬው 40 ሜትር ላይ እናቁመው። ርቀቱ የእህቱ እጥፍ ብቻ ስለሆነ በርቀት የሚደክመው 16 ጊዜ ነው፤ ኃይሉ ግን 200 ጊዜ ይበልጣል። የደንበኛው ሞገድ የእህቱን 12 ጊዜ ከግማሽ ይበልጠዋል። ወንድሟ የሚሰማው የእሱን ብቻ ነው፤ ፎቶው አልደረሰም። ቁራሹ ያው፣ ስልኮቹ ያው፣ የተለወጠው ደንበኛው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጋራት ጥበብ ማለት በአብዛኛው ማን ከማን ጋር ቁራሽ ይካፈል የሚለውን ማወቅ ነው።

ትርፉን እንመልከት። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳየው ሕግ መሠረት በአንድ ቁራሽ የሚተላለፈው የመረጃ መጠን ከሞገዱ ብርታት ጋር እኩል አያድግም፤ ብርታቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ሲቀንስም እንደዚያው። የደንበኛው ሞገድ ማማው ላይ ካለው የተፈጥሮ ጫጫታ 200 ጊዜ ይበረታ ነበር እንበል፤ በእያንዳንዱ ኸርዝ የሞገድ ስፋት 7.6 ቢት (ቢት ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት) ገደማ በሰከንድ ያገኛል። የእህትዬው ረብሻ ከጫጫታው ጋር እኩል ሆኖ ቢጨመርበት ብልጫው ወደ 100 ይወርዳል፤ የሚያገኘውም 6.7 ገደማ ይሆናል። ከስምንት እጅ አንዱን አጣ። በአንጻሩ እህትና ወንድም በስሌቱ ወደ 12 ያገኛሉ። ስልኮቻቸው ግማሹን ብቻ ቢያወጡ እንኳ የቁራሹ ጠቅላላ ምርት ከ7.6 ወደ 12.7 ያድጋል። አዲስ ሞገድ አልተገዛም፣ አዲስ ማማም አልቆመም።

ለዚህም ነው በዚህ መስክ የሚሠሩ ሰዎች ልባቸው የሚሳበው። እኔንም የሚስበኝ ይኸው ነው። ሆኖም ስምንተኛዋን እጅ ያጣው ደንበኛ አልተጠየቀም። የዳታ ጥቅል ገዝቶ፣ ማንነታቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች ሲል ፍጥነቱ ቀነሰ። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ሁሉ ከዚህ ይነሳል፦ የማማው ደንበኛ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድ ወለል ይበጅለታል፤ ቀጥታ ግንኙነት የሚፈቀደውም ወለሉ እስካልተነካ ድረስ ነው። ከነካ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ወይም ወደ ሌላ ቁራሽ ይዛወራል፣ ወይም በማማው በኩል ይሄዳል።

መውጫው ወይስ መውረጃው

የሞባይል መስመር ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ከስልክ ወደ ማማ የሚወጣና ከማማ ወደ ስልክ የሚወርድ። ለመጋራት የተመረጠው መውጫው ነው። በመውረጃው ላይ ብንጋራ ማማው በ20 ወይም 40 ዋት የሚለቀው ሞገድ የወንድምዬውን ስልክ ያደነቁረዋል። ተረባሾቹም በየቦታው የተበተኑ፣ የት እንዳሉ በውል የማይታወቁ ስልኮች ይሆናሉ። በመውጫው ላይ ግን የሚረበሸው አንድ ነው፤ ማማው ራሱ። ቦታው አይንቀሳቀስም፣ ረብሻውን መለካት ይችላል፣ ሲበዛበትም "ኃይል ቀንሱ" ብሎ ያዛል።

ሌላም ምክንያት ይጠቀሳል፦ ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚያወርደው ስለሚበዛ መውጫው ሰፊ ክፍተት አለው ይባላል። በአዘቦት ቀን እውነት ነው። በጥምቀት ግን ሁሉም ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ሁሉም ይልካል፣ ገሚሱ በቀጥታ ያስተላልፋል። መውጫው የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ለጎንደር ሲታሰብ የሌላ አገር ስሌት እንዳለ ሊወሰድ አይገባም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሬቱ አቀማመጥም አለ። ጎንደር በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። ከፍታ ላይ የቆመ ማማ ብዙ ሰፈር ሳይጋረድበት ያያል፤ ሳይጋረድ የሚጓዝ ሞገድ ደግሞ ከላይ እንዳሰብነው በ16 እጅ ሳይሆን በ4 እጅ ብቻ ነው የሚደክመው። ስለዚህ የሩቅ ጥንዶች ሹክሹክታም ብዙ ሳይደክም ማማው ይደርሳል። ከላይ ባየነው ስሌት የአንድ ጥንድ ስልክ ረብሻ ማማው ላይ ከደንበኛው ሞገድ 200 እጅ አንዱ ብቻ ነበር። 100 ጥንዶች በዚያው ቁራሽ ላይ ቢጨመሩ ድምሩ የደንበኛውን ግማሽ ያህላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለየብቻቸው ምንም የማይመስሉ ሹክሹክታዎች ተደምረው ደንበኛውን ያፍኑታል። ስለዚህ ማማው የእያንዳንዱን ጥንድ ኃይል መገደብ ብቻ አይበቃውም፤ በአንድ ቁራሽ ላይ ስንት ጥንድ እንዳለም መቁጠር አለበት።

በከተራ ዕለት ደግሞ የባሰ ነገር አለ። መጋራት የሚያምረው ደንበኛውና ጥንዶቹ ሲራራቁ ነው። እዚያ ቀን ግን ደንበኞቹም ጥንዶቹም አንድ ሜዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቀጥታ ግንኙነት የጥምቀትን መጨናነቅ ከነአካቴው ያስቀራል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት። ሊያስቀር የሚችለው ከፊሉን ነው፤ ያውም በአብዛኛው ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው ቁራሽ ሲጋሩ። 5 ሜትር የሚራራቁ ጥንዶች በትንሽ ኃይል ቢነጋገሩ፣ 50 ሜትር ርቀው ያሉ ሌሎች ያንኑ ቁራሽ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የሰው አካል ሞገድ ስለሚያስቀር እዚህ ላይ የሕዝቡ መታጨቅ ራሱ ይረዳል።

የሚለካው ማን ነው?

እስካሁን ማማው ሁሉን እንደሚያውቅ አድርገን አወራን። አያውቅም። ከየስልኩ ወደ ራሱ የሚመጣውን ሞገድ ይለካል፤ የደንበኛው ሞገድ ወንድምዬው ጋ በምን ብርታት እንደሚደርስ ግን የሚያውቀው የወንድምዬው ስልክ ብቻ ነው። ስልኩ ለክቶ መንገር አለበት። 50 ጥንዶችና 50 ደንበኞች ቢኖሩ 2,500 ልኬት ይሆናል። ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ልኬቱ ወዲያው ያረጃል። ለልኬቱ ሪፖርትም ሞገድና ባትሪ ይጠፋል። አንድ ጥንድ ከአንድ ደንበኛ ጋር ብቻ ይካፈል ከተባለ ድልድሉ ለኮምፒውተር ቀላል ነው። በአንድ ቁራሽ ብዙ ጥንድ ሲገባ ግን አማራጩ እየተባዛ ሄዶ ምርጡን መፈለግ ጊዜ የማይበቃው ሥራ ይሆናል። ስለዚህ በተግባር "ይበቃል" የሚባል ድልድል ይወሰዳል።

ደረጃው ለዚህ ሁለት መንገድ አስቀምጧል። በአንደኛው ማማው ራሱ ቁራሹን ያድላል። በሁለተኛው ማማው ወይም አስቀድሞ ስልኩ ውስጥ የተጫነ መመሪያ የቁራሾች ስብስብ ይለያል፤ ስልኮቹ ከዚያ ውስጥ ራሳቸው ይመርጣሉ። ሁለተኛው ያለ ማማም ይሠራል። የስሜን ተራሮች ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ ላይ ያለ የነፍስ አድን ሠራተኛ ወይም የፓርክ ጠባቂ በዚህ መንገድ ከጓደኛው ጋር ሊነጋገር ይችላል። ርቀቱ ውስን ነው፤ ብዙ ኪሎ ሜትር አያስኬድም። ግን ከጫፉ ላይ ቆሞ ኔትወርክ የሚያገኝ አንድ ስልክ፣ ከታች ላለው መሸጋገሪያ እንዲሆን ደረጃው ይፈቅዳል። ተጎድቶ ሸለቆ ውስጥ የቀረ ሰው ሲኖር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ለምን ስልካችን ላይ የለም? ደረጃው ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ተራ ገበያ ላይ ግን አልተስፋፋም። በዋይፋይ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ለብዙ ሰው በቂ ሆኑ። ኦፕሬተሮች በማማቸው በኩል ያላለፈን ፎቶ እንዴት እንደሚያስከፍሉ ግልጽ አልሆነላቸውም። "እዚህ ነኝ" እያለ ዘወትር የሚጣራ ስልክ ባትሪ ይበላል፣ የባለቤቱንም ቦታ ለማያውቀው ሰው ሊገልጥ ይችላል። ቴክኖሎጂው ጥሩ መሬት ያገኘው በመኪኖች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 14ኛው እትም መኪኖች በቀጥታ እንዲጠቋቆሙ አደረገ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 በ5.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ 30 ሜጋኸርዝ ለዚሁ ለየች። ልብ በሉ፤ ለይታ ነው የሰጠችው። የሰው ሕይወት ሲመጣ አብሮ ከመጠቀም ይልቅ ቆርሶ መስጠት ተመረጠ። እኔም ምርጫው ትክክል ይመስለኛል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ አለ። እህት በ09 ቁጥር፣ ወንድም በ07 ቁጥር ቢሆኑ በማን ሞገድ ላይ ይነጋገራሉ? ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የስፔክትረም ፈቃድ አላቸው፤ የአንዱ ደንበኛ በሌላው ሞገድ ላይ እንዲልክ ስምምነት ይፈልጋል። ዳኛው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ ኦፕሬተሮች ካልተስማሙ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ግማሹ ከግማሹ ጋር በቀጥታ ሊነጋገር አይችልም።

ከየት ይጀመር ብባል መልሴ አንድ ነው፦ ከድንገተኛ አገልግሎት። በጥምቀት ዕለት የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ፖሊሶችና ወጣት አስተባባሪዎች በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይሠራሉ። ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ ወይም ሕፃን ቢጠፋ፣ ጥሪያቸው ከሺዎች ቪዲዮ ጋር ተራ መጠበቅ የለበትም። ለእነሱ ጥቂት ቁራሽ ቆርሶ መለየት ይቻላል፤ የመሣሪያዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ኃላፊያቸው ይታወቃል፣ ክፍያም አያጨቃጭቅም። የማማው ደንበኛ የሚያጣውም እጅግ ጥቂት ነው። አብሮ መጠቀሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በልኬት ላይ ተመሥርቶ።

ልኬቱ ደግሞ እስከዚያ መቆየት አያስፈልገውም። ከላይ "16 ጊዜ" ብዬ የተጠቀምኩበት ድካም ለመዋኛው ዛፎች፣ ለግንቡና ለተጨናነቀው ሕዝብ ልክ ይሁን አይሁን የሚታወቀው እዚያው ሲለካ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች ፈቃድ አግኝተው በአዘቦት ቀን አንድ ጊዜ፣ በከተራ አንድ ጊዜ፣ በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ50 ሜትር ሞገዱ እንዴት እንደሚደክም ቢመዘግቡ፣ ስንት ጥንድ በአንድ ቁራሽ ላይ ሊኖር እንደሚችል የሚወስነው ቁጥር በእጃችን ይገባል።